ምንም ያልቆረጠ ሰንጢ

ታላላቅ ሰዎች ለታላላቅ ዓላማዎች ሕይወታቸውን እንደሰጡ ሁላችንም እናውቃለን። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊም፣ ትሕትናው ስለማይፈቅድለት በአደባባይ ባይናገረውም፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ራሱን ለአንድ ሰንጢ ሰጥቷል። ሰንጢ ስንል ማንም ሰው ኪሱ ውስጥ ከቁልፍ ጋር የሚያንኳኳውን ማለታችን አይደለም። ይህኛው እጀታው ከጥቁር እንጨት የተሠራ፣ ስለቱ መስታወት የሚያስንቅ፣ ሲከፈትም ሲዘጋም «ቀጭ» የሚል፣ ኃላፊነት የሚሰማው ድምፅ የነበረው ሰንጢ ነው። ኃላፊው ይህን ድምፅ ቀኑን ሙሉ ቢሰማው አይጠግብም። አብራው የምትሠራው ጸሐፊ ግን ጠግባ ወንበሯን ኮሪደር ላይ አውጥታለች።

ሰንጢው በሁለት ዓመት የአገልግሎት ዘመኑ ምንም ነገር ቆርጦ አያውቅም። ይህም እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ስኬት ተመዝግቦ ይገኛል። ኃላፊው ጠዋትና ማታ፣ ከገዛ ጥርሱ አስበልጦ፣ በለስላሳ ጨርቅና በማለስለሻ ቅባት ይወለውለዋል። ጠርዙ ላይ ሲደርስ በተለይ ይበረታል።

ብቻውንም አልነበረም። የጥርስ ሐኪሙና ሰዓት ሠሪው የዚያው ዓይነት ሰንጢ ስላላቸው ሦስቱ ማኅበር አቋቁመዋል። ሐኪሙ ሊቀ መንበር፣ ሰዓት ሠሪው ምክትል፣ ኃላፊው ጸሐፊ ናቸው። ተራ አባል ለመሆን ያመለከተ ሰው እስካሁን አልተገኘም። ቅዳሜ ቅዳሜ በሐኪሙ ታካሚዎች መጠበቂያ ክፍል ይሰበሰቡና ሰንጢዎቻቸውን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው፣ በየተራ ከፍተው፣ በየተራ ዘግተው፣ ተደናንቀው ይለያያሉ። አንድ ጊዜ ለማኅበሩ የታዘዘው ቅባት በካርቶን ታሽጎ ቢመጣ፣ የፕላስተሩ ሙጫ ስለት ያበላሻል ተባለና ሰዓት ሠሪው ካርቶኑን በጥርሱ ከፈተው። የተነቃነቀውን ጥርስ ሊቀ መንበሩ በነፃ አዩለት።

ይህ ሁሉ ሰላም የደፈረሰው የኃላፊው ባለቤት ከገበያ ባመጣችው የሽንኩርት ጆንያ ምክንያት ነው።

«እስቲ ይቺን ሲባጎ በጥስልኝ» አለችው።

«በምን?»

«በአፍንጫዬ! ኪስህ ውስጥ ባለው ነዋ!»

«እሱ ሲባጎ አይቆርጥም።»

«ታዲያ ምንድን ነው የሚቆርጠው?»

ኃላፊው አሰበ። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። «እሱ… ለመቁረጥ ዝግጁ ነው» አላት።

«እንግዲያው ስማኝ። በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ካልቆረጠ ለወንድሜ ነው የምሰጠው። እሱ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ ይሠራበታል።»

ያለችውን የማታደርግ ሴት አይደለችም። ሰንጢው በአማቹ የመሣሪያ ሳጥን ውስጥ ከጎማና ከዝገት ጋር ሲንገላታ ታየውና ኃላፊው ምግብ አልበላ አለው።

አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው «የመጀመሪያውን ቆረጣ ስለ መወሰን» የሚል ነበር።

«ዳቦስ?» አለ ሰዓት ሠሪው።

«ፍርፋሪው ማጠፊያው ውስጥ ይገባል።»

«ብርቱካን?»

«አሲድ!» ብለው ሊቀ መንበሩ ደረታቸውን ያዙ።

«ወረቀትም ያዶለዱማል» አለ ኃላፊው። መዝገብ ቤት ሃያ ዓመት የኖረ ሰው ወረቀት ምን እንደሚያዶለዱም አሳምሮ ያውቃል።

ከሦስት ሰዓት ጥልቅ ውይይት በኋላ፣ ቆረጣው የሰንጢውን ክብር የሚመጥን፣ ሕይወትን ከአደጋ የሚያድንና ቢያንስ ሁለት አባላት በተገኙበት የሚፈጸም እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ሐሙስ ዕለት ዕድል ቀናው። ሥራ አስኪያጁ ወረቀት መቆራረጫው ማሽን ለምን ቆመ ብሎ ጎንበስ ሲል ማሽኑ ተነሣና ከረባቱን ጎርሶ ይስበው ጀመር።

«ቁረጡልኝ! ኧረ ቁረጡልኝ!»

የኃላፊው ልብ በደስታ ዘለለ። ሕይወት? አለ። አደጋ? አለ። ክብር? ከረባቱ ሐር ነው። ሰንጢውን ከኪሱ አወጣ፣ ከጨርቁ ፈታ፣ «ቀጭ» አደረገ። ይሄኔ ሁለቱ አባላት ትዝ አሉትና ስልኩን አነሣ።

«ክቡር ሊቀ መንበር፣ ሕይወት የማዳን ሁኔታ አጋጥሞኛል። በስልክ እንደተገኙ ይቆጠርልኝ?»

«የሚቆረጠው ምንድን ነው?»

«ሐር።»

«ንጹሕ ነው ቅይጥ?»

ኃላፊው ጎንበስ ብሎ ሥራ አስኪያጁን ጠየቀው። ሥራ አስኪያጁ ፊቱ እንደ ቀይ ሥር ሆኖ ስለነበር አጥጋቢ ምላሽ አልሰጠም። በዚህ መሀል የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ግድግዳ አስደግፋ ሄደችና የማሽኑን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለችው። ከዚያ የከረባቱን ቋጠሮ በሁለት ጣቷ ፈታችለት።

ሥራ አስኪያጁ ትንፋሹ እንደተመለሰ ኃላፊውን አየው። «አንተ፣ ሰንጢውን ይዘህ ምን ትጠብቃለህ?»

«ምልዓተ ጉባኤ፣ ጌታዬ።»

ወሬው ከሱ ቀድሞ ቤት ገብቶ ነበር። እውነቱን ለመናገር ኃላፊው አፍሯል። ሰው ሊታነቅ ሲል ስለ ሐር ዓይነት ጠይቋል፤ ከዚህ በላይ ምን ማፈሪያ አለ? ባለቤቱና ወንድሟ ተቀምጠው ሲጠብቁት፣ ጆንያው ከነሲባጎው እግራቸው ሥር ነበር።

«እኔው ራሴ እቆርጠዋለሁ» አለና ሰንጢውን ከፈተ። ዓይኑን ጨፍኖ ሳበው። ሲባጎው እንዳለ አለ። ደግሞ ሳበው። ገዘገዘው። ላብ አጠመቀው። ሲባጎው ትንሽ ከመሞቁ በቀር ምንም አልሆነም።

አማቹ ተቀበለውና ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። «ጋሼ፣ ምን እያደረግህበት ነው?»

«እወለውለዋለሁ።»

«ጠርዙንም?»

«በተለይ ጠርዙን።»

«ወልውለህ ወልውለህ ጨርሰኸዋላ! ይሄ እኮ ማንኪያ ሆኗል።»

ባለቤቱ ሲባጎውን በሽንኩርት ቢላዋ ቀጭ አድርጋ በጠሰችና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሰንጢውን መልሳ ኪሱ ውስጥ ከተተችለት። «ያዘው፣ ወንድሜም አልፈልግም ብሏል።»

ቅዳሜ ኃላፊው እውነቱን ሊናገር ቆርጦ ተነሣ። ሊቀ መንበሩ ስለ ሰንጢዎቹ ስለት ጥራት የመክፈቻ ንግግር ጨርሰው ሲቀመጡ እጁን አወጣ።

«አንዴ… ይቆርጡ እንደሆነ ብንሞክራቸውስ?»

ሰዓት ሠሪው ወለሉን ያጠና ጀመር። ሊቀ መንበሩ ሰንጢያቸውን በቀስታ ወደ ራሳቸው ሳቡ። ኃላፊው ሁለቱንም አየና ገባው፤ እነሱም ቤታቸው ውስጥ ሲባጎ አላቸው።

«ሙከራ» አሉ ሊቀ መንበሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «በሰንጢ ላይ እምነት ማጣት ነው። ሙከራ ለዘለዓለም እንዲከለከል የሚደግፍ?»

ሦስት እጅ ወጣ። ቀድሞ የወጣው የጸሐፊው ነበር።

ቃለ ጉባኤውን ሊጽፍ እርሳሱን ቢያነሣ ጫፉ ተሰብሯል። ሦስቱ ሰንጢዎች ጠረጴዛው ላይ ያብረቀርቃሉ። ኃላፊው ድምፁን ሳያሰማ ተነሣና ከሐኪሙ እንግዳ ተቀባይ የእርሳስ መቅረጫ ተዋሰ።