የጋሽ ጀማሉዲን የታመመ ግስ

እንግሊዝኛ በሚሰጥበት ክፍል ሁሉ፣ ጣሪያው ቢያፈስ፣ መምህሩ ቢቀር፣ መብራት ቢጠፋ እንኳ አንድ አራሚ አይጠፋም። ራሱ አይናገርም። የሚናገረውን ሰው ግን እንደ ጭልፊት ከላይ ሆኖ ይጠብቃል፤ ግሱ ገና ከአፍ ሳይወጣ ወርዶ ላፍ ያደርገዋል።

ደሴ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ በሚያስተምር አንድ ኮሌጅ፣ በመካከለኛው የእንግሊዝኛ ሰዋስው ክፍል፣ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር ጋሽ ጀማሉዲን ነበሩ። የአርባ ስድስት ዓመት ሰው ናቸው፤ ኮምቦልቻ ውስጥ ባለ አንድ ፋብሪካ የክር መጋዘን ይጠብቃሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ በመጀመሪያው ሚኒባስ ዳገቱን ወጥተው፣ ከመምህሩ ቀድመው የፊት ወንበር ላይ ይሰየማሉ። ቀይ እስክሪብቶም ከመምህሩ ይልቅ የሚገኘው እሳቸው ኪስ ውስጥ ነው።

ስህተት የሰሙ እንደሆነ ቀስ ብለው ይዞሩና በመነጽራቸው አናት እያዩ ፍርዳቸውን ይሰጣሉ፦ «ግሱ ታሟል!»

የወንድማቸው ልጅ የሠርግ ጥሪ በእንግሊዝኛ አሳትሞ ቢልክላቸው፣ ሰባት ቦታ አርመው መለሱለት፤ ከሠርጉ ግን አልቀሩም። አንድ ቀን ሸዋ በር ላይ የቆመ ባጃጅ መስታወቱ ላይ «ጎድ ላቭ ሚ» ተብሎ ተጽፎበት አዩ። ሾፌሩን አስወርደው፣ «አንተ ልጅ፣ ፈጣሪን በታመመ ግስ ታመሰግነዋለህ? አንዲት ‹ስ› ሰስተህበት?» አሉት። ልጁ ትራፊክ ፖሊስ መስለውት መንጃ ፈቃዱን አወጣ።

ይህን ሁሉ ከጀርባቸው ሆና የምታየው ጣይባ ናት። ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። ጣይባ ከሰዋስው ጋር ሰላምታም የላትም፤ እሷ የምታውቀው ማውራት ነው። «አይ ኢዝ ሀንግሪ» ብላ ምሳ እስከቀረበላት ድረስ የተቀረው ጣጣ የእንግሊዞች ነው። አንድ ጊዜ ግን ሳምንት ሙሉ የተዘጋጀችበትን ንግግር ክፍሉ ፊት ቆማ ልታቀርብ ስትጀምር፣ ጋሽ ጀማሉዲን በሦስት ደቂቃ ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ አስቆሟት። አሥራ ሁለተኛውን ሳትጠብቅ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ ወር ሙሉ አፏን አልከፈተችም።

«ወላሂ፣ አንድ ቀን እሳቸውም ቆመው ይናገራሉ!» አለችው አጠገቧ ለሚቀመጠው ለሙንዚር። «ያን ቀን እኔ የፊት ወንበር ላይ ነኝ።»

ያ ቀን የቃል ፈተናው ዕለት ነበር። የጽሑፍ ፈተና ላይ ጋሽ ጀማሉዲንን የሚደርስባቸው የለም፤ በቃል ግን ሁለት ጊዜ ወድቀዋል። ሦስተኛ ከወደቁ ኮሌጁ ያሰናብታቸዋል። ጣይባ ይህን የሰማችው የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነው።

መምህር ወንድምአገኘሁ ቀላሉን ጥያቄ ሰጧቸው፤ ትናንት ምን አደረጉ?

ጋሽ ጀማሉዲን ቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የስተርደይ…» አሉ። ቀጥሎ የሚመጣውን ግስ አሰቡት፤ ገለበጡት፤ ተጠራጠሩት። «የስተርደይ…» ግንባራቸው ላቡን አመጣ። ለካ የሰውን ሁሉ ስህተት የሚጠብቀው ጭልፊት ዋናው ጎጆው የራሳቸው ጉሮሮ ላይ ነው!

«ግሱ ታሞ አልጋ ያዘ» አለ ሙንዚር ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ጣይባ ወር ሙሉ የጠበቀችው ሳቅ መጣላት፤ ሆኖም አልጣማትም። ተማሪ መጠየቅ ይፈቀድ ስለነበር እጇን አወጣች።

«የስተርደይ ዩ ጎ ዌር?»

ጋሽ ጀማሉዲን ንብ እንደ ነደፋቸው ዞሩ። «ኖ! ዌር ዲድ ዩ ጎ የስተርደይ!»

«እሺ ጋሼ፣ ዌር?»

«አይ ዌንት ቱ ሐርቡ!» አሉና ራሳቸውም ደነገጡ።

ሙንዚር ነገሩ ገባው። «ዋይ ዩ ጎዝ?» አለ፣ ግሱን አውቆ ሰባብሮ።

«ዋይ ዲድ ዩ ጎ! ኧረ በአላህ!» አሉና መልሱንም አስከተሉ። በተሰናከሉ ቁጥር ከክፍሉ አንዱ የታመመ ግስ ይወረውርላቸዋል፤ እሳቸው በንዴት ያክሙታል፤ ከመድኃኒቱ ጋር የራሳቸው ታሪክ ይወጣል። ትናንት ከጁምዓ በኋላ ሐርቡ ሽማግሌ ይዘው ሄደው ነበር። እዚያ ከሪማ የምትባል የአንደኛ ክፍል አስተማሪ አለች። ስድስት ዓመት ሙሉ «ምን ብዬ ልጠይቃት?» ሲሉ ሲጽፉ ሲሰርዙ ኖረዋል። ሽማግሌዎቹ ወደ ቤተሰቧ ቤት ሲገቡ እሳቸው መናኸሪያው ላይ ሁለት ሰዓት በፀሐይ ቆሙ።

መምህር ወንድምአገኘሁ የማርክ ወረቀታቸውን ረስተው፣ «ዋት ዘይ ሴድ?» አሉ።

«ዋት ዲድ ዘይ ሴይ፣ መምህር» አሉ ጋሽ ጀማሉዲን ዝቅ ባለ ድምፅ። ቤተሰቡ መክሮ መልሱን በሳምንቱ ዓርብ እንደሚሰጥ ተናገሩ። አልፈዋል፤ ማለፋቸውን ግን ማንም ልብ አላለውም። ሁሉም የሚያስበው ስለ ሐርቡ ነበር።

በሳምንቱ ቅዳሜ፣ አርፍዶ የሚመጣው ሁሉ ማልዶ መጣ። የጋሽ ጀማሉዲን ወንበር ባዶ ነበር። መምህሩ ትምህርት አልጀመሩም፤ ሙንዚር መስኮቱ ላይ ቆሞ መንገዱን ያያል።

«እምቢ ብለዋቸው ይሆን?» አለች ጣይባ። እግሯ ጠረጴዛውን ይመታል። እኚህን ሰው መቼ እንደወደደቻቸው እንጃ!

በሩ ተበርግዶ ተከፈተ። ኮፊያቸው ተንጋዷል፤ መነጽራቸው እጃቸው ላይ ነው፤ ከዋናው መንገድ ሮጠው ነው የመጡት።

«የስተርደይ ዘይ ሴይ የስ!» ብለው ጮኹ።

ጩኸታቸው ገና ግድግዳውን ሳይነካ ፊታቸው ተለወጠ። ሰሙት። ሌባ ጣታቸውን አንሥተው፣ ሊያርሙ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ጣይባ ወንበር ላይ ወጥታ እልልታዋን አቀለጠችው።