ጎመን የጾምኩበት ፍልሰታ

ጎመን የሚያስፈራው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያው እኔን እዩኝ። ጅብ ቢመጣብኝ አማትቤ እቆም ይሆናል። ጎመን ሲቀርብልኝ ግን ወደ ኋላ እሸሻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልቤ በር ተበላሽቶ በብረት ተቀይሮልኛል። ብረቱ ላይ ደም እንዳይረጋ የደም ማቅጠኛ ኪኒን እውጣለሁ፤ ዕድሜ ልክ። ደሜ ከወፈረ ብረቱ ይያዛል፤ ከቀጠነ ደግሞ ይፈሳል። በየወሩ ከሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ይዤ ሆስፒታል እሄድና የደሜን ውፍረት እለካለሁ። ዶክተሯ ልጅ እግር ናት። መጀመሪያ ቀን፣ "እናቴ፣ ጎመን የኪኒኑን ጉልበት ይቀንሰዋል። ግን አይተዉት፤ አይጨምሩበትም። ሁልጊዜ እኩል ይብሉ" አለችኝ።

እኩል! እኩል የሚበላ ሐበሻ የት አለ? እኛ ሁለት ወር ጾመን በአንድ ሌሊት ዶሮና በግ ላይ የምንወርድ ሰዎች ነን። "ጎመን በጤና" ብለው የተረቱትም ይህን ኪኒን አልዋጡም።

ኪኒኑን ከጀመርኩ ወዲህ ድዴ ይደማል። ለሌላው ሰው የድድ መድማት ምን ነገር ነው? ተጉመጥምጦ መትፋት ነው። ለእኔ ግን ትልቅ ነገር ነው፤ የሚደማ ሰው አይቆርብማ። ልጄ ማርታ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አባቷ ካረፈ ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን። በየፍልሰታው ትቆርባለች፤ እኔ ከኋላ ቆሜ አያታለሁ። አምና፣ "እማዬ፣ ሁልጊዜ እኔ ብቻ?" አለችኝ። ምን ልበላት? "ለከርሞ አብረን ነን" አልኳት። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ጾሙ ሊገባ ሲል ጎረቤቴ እትዬ ዘነቡ መጡ። እኛ ሀና ማርያም ሰፈር ሐኪም ያዛል፣ ጎረቤት ይሽራል። "የማርታ እናት፣ እኔ የማውቀው ሰው በጎመን ነው የሞተው" አሉኝ። ማን ነው ብላቸው ስሙ ጠፋባቸው። "ስሙ ምን ያደርግልሻል? ሞቷል አልኩሽ! መቁረብ ካማረሽ ጎመኑን እርግፍ አድርገሽ ተዪው።"

እኔም ሞኟ፣ ስለ እመቤቴ ብዬ አሥራ አምስቱን ቀን ጎመን ላልነካ ተሳልኩ። ከለቡ ወዲያ የሚመጣው የነሐሴ ጎመን በየመንገዱ ተዘርግቶ ያስቀናል። ፊቴን አዙሬ አልፋለሁ። ሽሮ በላሁ፤ ምስር በላሁ፤ ድንች በላሁ። ጀግንነት መስሎኝ ነበር።

የቁርባኑ ቀን ደረሰ። ያን ጠዋት ድዴ ስላልደማ ደፍሬ ተሰለፍኩ። ማርታ ነጭ ለብሳ እጄን ይዛለች። ከፊታችን የቀሩት አራት ሰዎች ናቸው። ከንፈሬ ላይ እርጥብ ነገር ተሰማኝ። ላብ መስሎኝ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩት። የአፍንጫዬ ደም መሆኑን ያየችው ማርታ ናት። አልጮኸችም። "እማዬ" ብቻ አለችና እጄን ለቀቀችኝ። አፍንጫዬን በነጠላዬ ይዤ ወጣሁ። ሰው ሁሉ ያለቀስኩ መሰለው። አልተሳሳተም።

ማርታ ብቻዋን ቆረበች።

ደሙ በስንት መከራ ሲቆምልኝ በዚያው ሆስፒታል ሄድኩ። ዶክተሯ ውጤቱን አይታ ደነገጠች። "እናቴ፣ ደምዎ እኮ ውሃ ሆኗል! ምን በልተው ነው?"

"ምንም አልበላሁ ልጄ። ጎመን እንኳ ትቻለሁ።"

"ለምን ተዉት?"

"ጾም ነበራ!"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እኔም እኮ ጾሜያለሁ። ጎመን የጾም ምግብ አይደለም እንዴ?"

ከጾም ምግብ የጾመች የመጀመሪያዋ ክርስቲያን እኔ ሳልሆን አልቀርም። ኪኒኑ ለካ የታዘዘልኝ ከጎመኔ ጋር ተመዝኖ ነው። ጎመኑ ሲቀር ኪኒኑ ሃይ ባይ አጣ።

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ሐኪም አልሰማሁም፤ ደጀ ሰላሙን በደም አቆሸሽኩ፤ ልጄን ዋሸሁ አልኳቸው። ስግደት ከሆነ መቶም ሁለት መቶም ይስጡኝ አልኩ። እሳቸው ግን ዶክተሯ ያለችውን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

"በይ፣ በቀን አንድ ጭልፋ ጎመን። ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ።"

"አባቴ፣ ስግደቱ ይሻለኛል። ጎመኑን እፈራዋለሁ።"

"ለዚህ እኮ ነው ልጄ ቀኖና የሚባለው።"

ይኸው እበላለሁ። ማርታ በጭልፋ ለክታ ታቀርብልኛለች፤ እስክጨርስም ፊቴ ቁጭ ብላ ታያለች። ስለ ቁርባን ግን ደግማ አንስታ አታውቅም። እኔን የሚገድለኝ ይሄ ዝምታዋ ነው። ትናንት ጠዋት ደግሞ መፋቂያዬ ላይ ደም አየሁ፤ ቶሎ ብዬ ሸሸግኩባት።

ሰው ሁሉ ጾሞ ይጸድቃል። እኔ በልቼም አልሆነልኝ።