ውሃው ዘመመ

የእጅ ሥራ ጉድለትን የሚሸፍን ነገር አይጠፋም። የተንሻፈፈ መደርደሪያ መጽሐፍ ይደረደርበታል፤ የተንጋደደ በር መጋረጃ ይጣልበታል፤ ያረረ ሽሮ እንኳ «ጠበስ ሲል ይጣፍጣል» ይባልለታል። ውሃ ግን ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ጠማማ ነገር ላይ አስቀምጡትና እዩት፤ እሱ ቀጥ ብሎ ተኝቶ እናንተን ያጋልጣችኋል። ይህን ወሬኛ በመስተዋት ሞልቼ ሳሎኔ ውስጥ ያስቀመጥኩት ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን እኔው ነኝ።

የምንኖረው በሰው አገር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ የኪራይ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አምስት ወርቃማ ዓሣዎች ከነመስተዋት ገንዳቸው ቤታችን ሲገቡ፣ «ለአራት እግርና ለአንድ ጣውላ ብዬ ሱቅ አልሄድም» አልኩና የገንዳውን ማስቀመጫ ራሴ ሠራሁት። ጣውላው ጥሩ ነበር። ምስማሩም ጥሩ ነበር። ገንዳው ሲሞላ ግን ውሃው በግራ በኩል ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ታየ።

«ውሃው ዘመመብህ» አለች ባለቤቴ ሰብለ።

«ቤቱ ነው የዘመመው።»

«እንግዲያው አከራዮቻችን ጋ፣ ሊዚንግ ኦፊስ ኮል አድርግና ቤታችንን አቅኑልን በላቸው።»

በቀልድ ቢያልፍ ጥሩ ነበር። ሰብለ ግን ገንዳው ሲወድቅ፣ ውሃው ከታች ያሉት ሰዎች ራስ ላይ ሲንጠባጠብ፣ እኛም ከነዓሣችን ስንባረር እየታያት እንቅልፍ አጣች። ስለዚህ ቆረጠች። እሑድ ታላቅ እህቷ እትዬ አስካለ እዚሁ አጠገባችን ካለችው አሌክሳንድሪያ መጥተው አብረው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ማስቀመጫው ካልቀና ዓሣዎቹ ለጎረቤት ይሰጣሉ።

ሆዴ ባባ። አትሳቁብኝ፤ ልጆቼ በአማርኛ ሳናግራቸው መልሳቸው «ዋት፣ ዳድ?» ነው። ዓሣዎቹ ግን ከሥራ ስገባ መስተዋቱ ጋ ተሰብስበው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ወሬዬን እስከ መጨረሻው ያዳምጡኛል። ምግብ ፈልገው ነው ትሉኝ ይሆናል። የስንቱ ሰው ወዳጅስ መቼ ከዚህ ይለያል? እወዳቸዋለሁ፣ አለቀ።

እሑድ ጠዋት ሴቶቹ እንደወጡ ጓደኛዬን መኮንንን ከአስፐን ሂል ጠራሁት። መኮንን ታክሲ ነጂ ነው፤ ነገር ግን ውሃ ልክ አለው፤ ውሃ ልክ ያለው ሰው ደግሞ በእኛ ዘንድ መሐንዲስ ነው። ውሃ ልኩን ማስቀመጫው ጠርዝ ላይ አጋድሞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አረፋዋን አያትና «ረጅሙን እግር እንቁረጠው» አለ። እኔ «አጭሩን በሽብልቅ እናንሣው» አልኩ። ሁለት ሰው ብቻ ብንሆንም ለሁለት ለመከፈል አላነስንም። መጋዝ ስላልነበረን የእኔ ሐሳብ አሸነፈ።

ገንዳው እንዲቀለን ውሃውን በባልዲ ቀዳን። ስናነቃንቀው ዓሣዎቹ እንዳይደነግጡስ የት እናቆያቸው? ባልዲው ሞልቷል። ዓይኔ ትልቁ የዶሮ ወጥ ድስት ላይ ዐረፈ። ጊዜው ሁዳዴ ስለሆነ ድስቱ ሥራ ፈትቷል። ዓሣዎቹን ከቀረው ውሃ ጋር ድስቱ ውስጥ ገለበጥኳቸው፤ ዘለው እንዳይወጡ ከደንኩላቸው፤ ጠረጴዛው በመሣሪያ ስለተሞላም ምድጃው ላይ አስቀመጥኳቸው።

እናንተ አሁን የታያችሁ ነገር ያኔ ለእኔ አልታየኝም።

ቅዳሴ አልቆ ሴቶቹ ሲመለሱ እኔ ተንበርክኬ ማስቀመጫውን ከነገንዳው በትከሻዬ ደግፌያለሁ፤ መኮንን ሽብልቁን እግሩ ሥር እየመታ ያስገባል። እትዬ አስካለ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። በቀጥታ ወጥ ቤት ገቡና ድስቱን አዩ።

«እሰይ! ወጥ ሠርተው ጠበቁን! ቆይ ላሙቀው።»

የጋዝ ምድጃው ሲለኮስ ጠቅ ጠቅ ሲል ሰማሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም። ትከሻዬን ብለቅ ገንዳው ይወድቃል፤ ባልለቅ ወዳጆቼ ይቀቀላሉ።

«እትዬ አስካለ! በማርያም ያጥፉት! ዓሣ ነው!»

«ዓሣ?» ክዳኑ ሲነሣ ተሰማኝ። «በሁዳዴ! ደግሞ ከነነፍሱ!»

ሰብለ ሮጣ አጠፋችው፤ ውሃው ለብ እንኳ አላለም ነበር። ሽብልቁ ገባ፣ ገንዳው ተሞላ፣ ዓሣዎቹ ተመለሱ። ውሃው ከዳር እስከ ዳር እኩል ሆነ። ግን ማን ይይልኝ? ነገሩን ለማስረዳት አፌን ስከፍት እትዬ አስካለ በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ዓሣ በጾም ይበላል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልፈርድም። ግን አንተ ልጅ፣ ቢያንስ ቅርፊቱ ይነሣለታል!»

ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ፎልስ ቸርች ከተማ ድረስ ተሰማ፤ የሰብለ ባል በሁዳዴ ዓሣ በቁሙ ይቀቅላል ተባለ። ማስቀመጫ አቀና ያለኝ አንድ ሰው የለም።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን እንግዳ ሲመጣ ሰብለ ጫማውን ሳያወልቅ ገንዳው ፊት ታቆመዋለች። «ቁጠራቸው፤ አምስቱም አሉ» ትላለች። ለጎረቤት መስጠት የሚባለውን ነገር ማንም አላነሣውም።

ባለፈው አንዷ ዓሣ በእርጅና ሞተች። እኔ አንገቴን ደፍቼ ተቀምጬ ሳለሁ ሰብለ ካፖርቷን ለብሳ ወጣች፤ ፌርፋክስ ድረስ ነድታ ቁርጥ እሷን የምትመስል ይዛ ተመለሰች። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«እኔን ለማጽናናት ብለሽ ይህን ሁሉ መንገድ?»

«የምን ማጽናናት?» አለች ዓሣዋን ወደ ገንዳው እየጨመረች። «እንግዶች አራት ሆነው ቢያገኟቸው አምስተኛዋን ማን በላት ሊሉ ነው?»