ጋሼ ታፈረና የስልሳ ስምንቷ ቮልስ

ሐበሻ በሰፈረበት ሁሉ አንድ «ኦሪጅናል አይደለም» ባይ አይጠፋም። ማር ብትገዛ ስኳር አለበት ይልሃል። ሰዓት ብታስር ገልብጦ ያየዋል። ልጅህን ብትድር ሙሽራውን ከእግር እስከ ራሱ አይቶ የማን ቤት ልጅ እንደሆነ ይጠይቅሃል። እስራኤል ውስጥ፣ በአሽቀሎን ከተማ፣ ይህ በረከት ለእኛ ለራማት ኤሽኮል ሰፈርተኞች ደርሶናል። ስማቸው ክቡር ጋሼ ታፈረ ይባላል፤ ሊቀ ኦሪጅናል፣ ሃያ ዓመት ጋራዥ ውስጥ የተጋጨ መኪና ሲያቃኑ ኖረው ጡረታ የወጡ።

አምና ጎረቤታችን እትዬ ማንጠግቦሽ ከጎንደር በርበሬ ቢመጣላቸው፣ ጋሼ በጣታቸው ጫፍ ቀምሰው «ይሄ የጎንደር ፀሐይ አላየም» ብለው ፈረዱ። እትዬ እስከ ፋሲካ አኮረፏቸው። ጋሼ ግን ፍርዳቸውን አላነሱም።

ስለዚህ አቲቆት ሰፈር ውስጥ የምትሸጥ የስልሳ ስምንት ሞዴል ቮልስ ሳገኝ ልደብቃቸው አሰብኩ። ጎንደር የሒሳብ አስተማሪያችን እንዲህ ያለችውን ሲነዱ ካየሁ ጀምሮ፣ ላም አለኝ በሰማይ እያልኩ የኖርኩባት መኪና ናት። ባለቤቴ ንግሥት ግን «ጋሼ ታፈረ ሳያዩአት እዚህ ደጅ አትቆምም» አለች። ወሰድኳቸው።

ሻጩ ዮአቭ የሚባል ዝምተኛ ሰው ነው። ሽፋኗን ገፈፈ፤ ቁልፉን ሰጠኝና «ሜኮሪ» አለን። በዕብራይስጥ ኦሪጅናል ነች ማለቱ ነው።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «መኩሪያ ነች ይላል። ማን ስለ ኩራት ጠየቀው?»

ዕብራይስጡን አሳምረው ያውቁታል። ሰው ማብሸቅ ሲያምራቸው ብቻ ነው የሚጠፋባቸው።

ከኪሳቸው ማግኔት አወጡ። የልጅ ልጃቸው የሊኖር የባት ሚጽቫ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት በዓሏ፣ ፎቶ ያለበት፣ ከፍሪጅ ላይ ነቅለው ያመጡት። ሊኖር እየሳቀች የግራው በር ላይ ተለጠፈች፤ የቀኙም ላይ ተለጠፈች። ከኋላ ጎማው በላይ ስትደርስ ግን መሬት ወደቀች።

«እዚህ ጋ ተጋጭታ በስቱኮ ተሞልታለች» አሉ ጋሼ፣ የልጅቷን ፊት በእጅጌያቸው እየጠረጉ።

ቀጥሎ ዘር ቆጠራው መጣ። እኛ ዘንድ ሰው ሲጋባ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ጋሼ መኪናንም የሚያዩት እንደዚያው ነው። «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ። የመኪናዋን ፈቃድ በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ወገባቸውን እያማረሩ አጎንብሰው የሞተሩን ቁጥር አንድ ባንድ አነበቡ።

«አይገጥምም» አሉ።

ዮአቭ አቀረቀረ።

«አባቴ ነው የቀየረው» አለ በዕብራይስጥ። «የድሮው ሲሞት ከሌላ ቮልስ አምጥቶ በገዛ እጁ ገጠመው። እኔ የማውቀው ይሄንን ሞተር ነው። ስወለድ ከሆስፒታል ቤት ያመጣኝ ይሄው ሞተር ነው።»

ጋሼ ታፈረ ፈቃዱን አጥፈው ለዮአቭ መለሱለት።

«ይፍሩ» አሉኝ፣ «እኔ ወደዚህ አገር ለመምጣት ጎንደር ዘጠኝ ዓመት የጠበቅሁት ለምንድን ነው?»

«ወረቀትዎ አልገጥም ብሎ።»

«የአያቴ ስም በአንዱ ወረቀት አድማሱ፣ በሌላው አዳሙ። ቤተ እስራኤል መሆኔን ለማስረዳት ሰባት ቤት ስቆጥርለት የኤምባሲው ጸሐፊ አይገጥምም ይለኛል። እኔ ግን የማን ልጅ እንደሆንኩ አንድ ቀንም ጠፍቶኝ አያውቅም።»

ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ሊኖርን ከመሪው አጠገብ፣ ብረቱ ላይ ለጠፏት። አልወደቀችም።

«ሜኮሪ አይደለችም» አሉ። የንግሥት ፊት ታየኝና ቁልፉን ለዮአቭ ልመልስ እጄን ዘረጋሁ። «መኩሪያ ግን ናት። ግዛት።»

ይኸው አሁን ዓርብ ዓርብ ጋሼን ከጎኔ አስቀምጬ በባሕሩ ዳር እነዳታለሁ። ማግኔቱን አልወሰዱትም። እየሄድን ሞተሩን፣ አነዳዴን፣ አንዳንዴም ባሕሩን ይነቅፋሉ። እወዳቸዋለሁ፤ ለሳቸው ግን አልነግራቸውም፣ ፍቅርህ ኦሪጅናል አይደለም እንዳይሉኝ።

ባለፈው ሳምንት መብራት ላይ ቆመን አንድ ጎረምሳ ከጎናችን ካለው መኪና አንገቱን አወጣና «ሜኮሪ?» ብሎ ጠየቀ። በዕድሜያቸው ማሩንም በርበሬውንም ኦሪጅናል ነው ብለው የማያውቁት ሰው መስኮቱን ቀስ ብለው አወረዱ።

«መኩሪያ» አሉት።

ልጁ «ሜኮሪ» ያሉት መስሎት አውራ ጣቱን አነሳላቸው።