የመሠረቱ ድንጋይና የልጄ ዲፓርትመንት

ቤት የሚሠራ ሰው ጸባዩ ይበላሻል ይላሉ። እኔ ጸባዬ ደህና ነው፤ የጠፋብኝ ማሰቢያዬ ነው። ፍኖተ ሰላም ዳር፣ ከባጃጅ መቆሚያው ወረድ ብሎ፣ ሁለት ክፍል ቤት ጀምሬያለሁ። ገና መሠረት ላይ ነን።

እናላችሁ፣ ማክሰኞ ቆሜ ሳሠራ ልጄ ትዕግሥት ደወለች። ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷ ነው። ዲፓርትመንት የምንመርጠው እስከ ዓርብ ነው፣ ጂኦሎጂ ልሞላ ነው፣ ግን አንተ ሳትመርቀኝ አልሞላም አለችኝ። ምንድን ነው እሱ ብላት የድንጋይና የመሬት ትምህርት ነው አለች።

አንድ መምህሯም መክረዋት ነበር አሉ፤ መስክ ለሴት ልጅ ይከብዳል፣ ቢሮ ያለው ነገር ምረጪ ብለው። ሁለተኛ ደረጃ እያለችም እንዲሁ ነበር። ለጂኦግራፊ ትምህርት ድንጋይ ሊሰብሩ ወደ ወንዝ ሲወርዱ መዶሻው ለወንዶቹ፣ ደብተሩ ለሴቶቹ ይታደላል። ጽሕፈታችሁ ያምራል ተብለው። አንድ ቀን በዚሁ አኩርፋ ገብታ እራቷን አልበላችም። ጽሕፈትሽ ያምራል መባል ምኑ ያስኮርፋል? ያኔም አልገባኝም።

ብቻ እኔም የአባት ወግ አይቅርብኝ ብዬ መከርኳት። ልጄ፣ ድንጋይ ለሴት ይከብዳል፣ ወገብሽን ታጪዋለሽ አልኳት። ይህን እያልኩ ዞር ስል ባሬላው ቆሟል። ስልኩን ከጆሮዬ ሳላወርድ፣ «አለምነሽ፣ ኧረ ድንጋዩን ቶሎ ቶሎ በሉት፣ ግንበኛው ሥራ ፈታ እኮ» አልኩ።

ልጄም ወዲያው፣ አባዬ፣ አለምነሽ ማን ናት አለችኝ። የቀን ሠራተኛ ናት፣ ከጅጋ በኩል የመጣች አልኳት። ምንድን ነው የምትሸከመው አለች። ኔትወርክ የለም ብዬ ዘጋሁት።

ስዘጋው ደግሞ ሌላ ጭቅጭቅ። አለምነሽ አንዱን ድንጋይ ከባሬላው አውርዳ በመዶሻ ኳ ኳ ታደርገዋለች። ይህ ለማዕዘን አይሆንም፣ ድምፁ የታፈነ ነው፣ ውሃ ይጠጣል ትላለች። ግንበኛው አያ ደሴ ሳቁ። ከማንኩሳ እስከ ቡሬ የእሳቸው ግንብ አለ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ብለው ድንጋዩን ማዕዘኑ ላይ ጎለቱት። እኔስ ማንን አመንኩ? አያ ደሴን ነዋ። ሱሪ ከመልበሳቸው በቀር ሌላ ማስረጃ አልነበረኝም።

ረቡዕ ሲዘንብ ዋለ። ሐሙስ ጠዋት ብንሄድ ያ ድንጋይ እንደ ደረቀ ድፎ ተሰነጣጥቆ ፍርፋሪው መሬት ወርዷል። አያ ደሴ ጎንበስ ብለው አዩት፤ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። እኔ አለምነሽን አየሁ። እሷ ባሬላዋን አነሣች።

ያኔውኑ ልጄ ዘንድ ደወልኩ። ልጄ፣ መርቄሻለሁ፣ ድንጋዩ ይቅለልሽ አልኳት። ስታለቅስ ሰማኋት። ብቻ ለእረፍት ስትመጪ መጀመሪያ የእኔን መሠረት ታዪልኛለሽ አልኩ። እኔ ገና ምኑንም አልተማርኩም፣ ለምን አለምነሽን አትጠይቃትም አለችኝ።

ይህንኑ ለአያ ደሴ ነገርኳቸው። አሰቡ፣ አሰቡና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «እስቲ እርስዎ ይጠይቁልኝ» አሉ። አለምነሽ እኮ አጠገባችን ቆማለች፤ ክንድ አትርቅም።

ከዚያ ወዲህ ሥራው እንዲህ ሆነ። አያ ደሴ እኔን ይጠይቁኛል። እኔ አለምነሽን እጠይቃለሁ። እሷ ኳ ኳ አድርጋ ለእኔ ትነግረኛለች፤ እኔ ለአያ ደሴ አደርሳለሁ። ሦስታችንም የምንናገረው አማርኛ ነው። ግንቡ ግን እንዴት እንደቆመ ብታዩት፤ ውሃ ልክ ነው።

ትናንት አያ ደሴ ግንቡን ሊያይ ለመጣ ጎረቤት ሲያወሩ ሰማኋቸው። የቤቱ ባለቤት ድንጋይ አዋቂ ነው፣ ሁሉን የመረጠው እሱ ነው ይላሉ። ጎረቤቱም ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ ነሣኝ።

እኔም አላስተባበልኩም። ትዕግሥት ለእረፍት ስትመጣ ይህን እንዴት ብዬ እንደምነግራት ነው ግራ የገባኝ።