ያልተገደበው መስመራችን

“ያልተገደበ” የሚለውን ቃል የፈጠረው ኢንተርኔት ሻጭ ሳይሆን አይቀርም። ገዝታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው። ማስታወቂያው ላይ ልጅቷ እየሳቀች ፊልም ታያለች፤ መስመሩ እናንተ ቤት ሲገባ ግን ያቺ ክብ የመጠበቂያ ምልክት ስትዞር ታያላችሁ። ድርጅቱን ብትጠይቁ ጥፋቱ የእናንተው ነው፤ አብዝታችሁ ተጠቅማችኋል። ያልተገደበ ነገር እንዴት እንደሚበዛ የሚያስረዳኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

እኛ ዓለም ባንክ ሰፈር ኮንዶሚኒየም የምንኖር የአንድ ፎቅ ጎረቤታሞች አንድ መስመር አስገብተን በጋራ እንጠቀማለን። ምድር ቤት ሱቅ ያለው ጀማልም ከእኛው ላይ ገመድ ስቧል። ሥራው ፊልም እያወረደ በፍላሽ መጫን ነው። ሰፈሩ በሙሉ የቱርክ ድራማውን የሚቀበለው ከእሱ ስለሆነ “መስመሩን ጨረስከው” ብሎ የሚቆጣው የለም። እኔም አልቆጣም፤ የጀመርኩት ድራማ ገና አላለቀም።

ታዲያ የጎረቤቴ የወይዘሮ አስካለ ልጅ ሐና በኔትወርክ ምህንድስና ተመርቃ፣ ሥራ ፍለጋ ስትንከራተት ከርማ፣ በመጨረሻ ለቅጥር ፈተና ተጠራች። ፈተናው ቤት ተቀምጦ በኢንተርኔት የሚሰጥ ነው። ጠሪው ማን መሰላችሁ? ያንኑ መስመር የሸጠልን ድርጅት!

በዋዜማው እናቷ በየበሩ እያንኳኩ ስልካችንን ከዋይፋዩ እንድናወጣ ለመኑን። ጀማልን ግን ለመጠየቅ አፈሩ፤ የሰው እንጀራ ነዋ። እሱ ግን ሰምቶ ራሱ መጣ።

“እትዬ አስካለ፣ እኔ እያለሁ ያስባሉ እንዴ? ነገ ሐና እስክትጨርስ ሱቁንም አልከፍትም” አላቸው።

በማግስቱ ፎቃችን ጸጥ አለ። መስመሩን ሐና ብቻዋን ያዘችው፤ መስመሩ ግን ንቅንቅ አልል አለ። ተናድጄ ለድርጅቱ ደወልኩ።

“በመስመርዎ ከባድ የፋይል ልውውጥ ስለታየ እስከ ወሩ መጨረሻ ፍጥነቱ ተቀንሷል” አለችኝ ተቀባይዋ።

“አሁን እኮ የሚያወርድ የለም! አንዲት ልጅ ፈተና ላይ ናት፤ ያውም የእናንተን ፈተና!”

“ሲስተሙ እሱን አያይም፣ ጌታዬ።”

እንግዲህ ወይዘሮ አስካለ በር አንኳኩተው የጨረሱትን ጉዳይ ያ ሁሉ ማሽን አያየውም። አንድ የጭነት መኪና መንገድ ዘጋ ተብሎ ጦር ኃይሎች አደባባይ ላይ ታክሲውም አምቡላንሱም ወሩን ሙሉ በእርምጃ ይሂድ እንደማለት ነው፤ ጭነት መኪናው ግቢው ገብቶ ቆሞ ሳለ። ለዚህ ብልሃት ደግሞ ደመወዝ ይከፈላል።

ሐና ከክፍሏ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። መልሷን ጽፋ ብትልከውም ክቧ እየዞረች ሰዓቱ አለቀ።

“ጥያቄው ምን ነበር?” አልኳት።

“የፋይል ልውውጥ መስመር ሲያጨናንቅ አቅራቢው ምን ያድርግ? የሚል።”

“ምን ብለሽ መለስሽ?”

“ሰው በሚበዛበት ሰዓት ከባዱን ብቻ ትንሽ አቆዩት፣ ሌላውን አሳልፉ፤ መስመሩ ሲለቅ ሁሉንም ልቀቁ።”

ድርጅቱ ብቁ ሰው አጣሁ ብሎ የሥራ ማስታወቂያውን እንደገና አወጣ። ማስታወቂያው በእኛ መስመር አልከፈት ስላለ ጀማል ጦር ኃይሎች ድረስ ሄዶ፣ በፍላሽ ጭኖ ለሐና አመጣላት።