ለቤት ዕጣ የተፋቱት ጎረቤቶቼ

በዚህ ከተማ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የሚጠብቅን ሰው ለመለየት ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ቤቱ ገብታችሁ ግድግዳውን ተመልከቱ። ሚስማር የለውም፤ ቢኖረውም ከምዝገባው በፊት የተመታ ነው። ጣሪያው ሲያፈስ ከሥሩ ሳፋ ይደቀናል እንጂ ቆርቆሮው አይቀየርም። ቁም ሣጥን ለመግዛት ሲታሰብ «በደረጃው ያልፋል ወይ?» ተብሎ ይተዋል፤ የየትኛው ፎቅ ደረጃ እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም።

እኛም ቤት እንደዚያው ነው። ለሴቶች የተለየ ዕድል አለ ስለተባለ የተመዘገብነው በባለቤቴ ስም ነበር፤ ስሙ የእሷ ከሆነ ደግሞ ሥልጣኑም የእሷ መሆኑ የማይቀር ነው። ገና ባልወጣልን ቤት ውስጥ መጋረጃ ሰቅላ፣ ምንጣፍ አንጥፋ፣ ምጣዱ የሚቀመጥበትን ጥግ ወስና ከጨረሰች ቆይታለች። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን ሳለ፣ «ሳሎኑን ትንሽ ጠበብ አደረግሁት» አለችኝ። ደነገጥኩ። ሳታማክረኝ!

እንደምትስቁ አውቃለሁ። ነገር ግን ግርማና አስካለ ካደረጉት ጋር ሲነጻጸር የእኛ ነገር ጨዋነት ነው።

ግርማና አስካለ ካዛንቺስ በነበረው ግቢያችን ውስጥ ከእኛ ግድግዳ ማዶ ይኖሩ ነበር። ግድግዳ የምለው ለክብሩ ብዬ ነው፤ እዚያ ሲያዛጉ እዚህ እንቅልፋችን ይመጣ ነበር። እሱ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ክፍል ሠራተኛ፣ እሷ መምህርት ናቸው። የሚከራከሩት በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ላንቻ ባለችው ጓዳ። ግርማ ከአባቱ ቤት በውርስ የደረሰችው ይህች ጓዳ በስሙ ተመዝግባ፣ በትልቅ ቁልፍ ተቆልፋ ትኖራለች፤ ውስጧ ያለው የአባቱ የዋንዛ አልጋ ብቻ ነው። በዚያው ግቢ የምትኖረው ባሏ የሞተባት እህቱ ልጆቿን በጠባቡ ሳሎን መሬት ላይ አንጥፋ ታስተኛለች። ግርማ በዓመት በዓል ይሄድና ቁልፉን ሳብ ሳብ አድርጎ፣ መጥበቁን አረጋግጦ፣ ደስ ብሎት ይመለሳል።

እንግዲህ ደንቡ ከባልና ሚስት አንዳቸው በከተማው ውስጥ በስማቸው ቤት ካላቸው መመዝገብ አይቻልም ይላል። አስካለ ጓዳዋን ለእህቱ እንዲለቅ ለመነችው። «የአባቴን ቤት?» አለ፤ በዚህም ነገሩ ተዘጋ። መፍትሔውንም ያገኘው ራሱ ነው። በወረቀት ብቻ ይፋታሉ፤ እሷ ባል እንደሌላት ሆና ትመዘገባለች፤ ኑሯቸው እንዳለ ይቀጥላል። ፍርድ ቤት ቀረቡ። ዳኛው እንዲያስቡበት ቢመክሯቸው ሁለቱም ባንድ አፍ «ተስማምተናል» አሉ። በትዳር ዘመናቸው እንዲህ ተስማምተው አያውቁም።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያኔ በግቢው የተሰማው መፋታታቸው ብቻ ነበር። ፍርድ ቤት ጉዳይ የነበራት አንዲት ጎረቤታችን ውሳኔው ሲነበብላቸው ሰማች፤ ተከትላም አየቻቸው። ኡራኤል ጁስ ቤት ገብተው አንድ ስፕሪስ በሁለት ስትሮ ጠጡ። ወሬው ከግቢው የጋራ ቧንቧ ዘንድ በደረሰ ጊዜ ሴቶቹ ስፕሪሱን በድንጋጤ ተረጎሙት፤ «ሐዘን ሲበዛ ሰው የሚያደርገውን አያውቅም» ተባለ። እድሩም ሽማግሌ ሰየመ። ጋሽ መኮንን ሰብሳቢያችን ናቸው፤ ሐጂ ነስሩ ቡልጋሪያ ሰፈር የመኪና ዕቃ መደብር አላቸው፤ እኔ የተጨመርኩት አነጋገር ያውቃል ተብዬ ነው።

ባልና ሚስቱ በራቸውን ከፍተው ሦስታችንን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። እውነቱን እንዳይናገሩ፣ ቧንቧው ጋ የተሰማ ነገር የቤት ምዝገባው ቢሮ ለመድረስ ምሳ ሰዓት አይጠብቅም። ስለዚህ በእኛ ፊት መጣላት ነበረባቸው።

«ጥፋቷ ምንድን ነው?» ብለው ጋሽ መኮንን ግርማን ጠየቁት።

ግርማ ጣሪያውን አየ፤ ወለሉን አየ። «ወጥ ላይ ጨው ታበዛለች» አለ በመጨረሻ።

«በጨው ይፋታል እንዴ?» አሉ ሐጂ ነስሩ። «እኔ እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ በፈታሁ!»

የአስካለ ተራ ሲደርስ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ድምጿን ከፍ ሳታደርግ፣ እንደተዘጋጀ ትምህርት በቅደም ተከተል አቀረበችው። «ባዶ ክፍል ቆልፎ የእህቱን ልጆች መሬት ላይ ያስተኛል። እኔ በሰው ፊት ፈት ተብዬ እንድጠራ ፈቀደ፤ ያቺን ቁልፍ ለመስጠት ግን እጁ አልፈታ አለ» አለች። ግርማ አፉን ከፍቶ ነበር የሚሰማት። እኛ የጸጸት ምልክት ነው ብለን ተደሰትን። ወዲያው ታረቁ ብንላቸው ወዲያው ታረቁ፤ ጋሽ መኮንን በሽምግልና ዘመናቸው እንዲህ የቀለለ ዕርቅ ገጥሟቸው አያውቅም። እኔ በበኩሌ ለብዙ ጊዜ ራሴን እንደ ታላቅ አስታራቂ ስቆጥር ኖሬያለሁ።

ዓመታት አለፉ። አስካለ በየወሩ ቆጠበች። ከዕለታት አንድ ቀን ዕጣው ወጣ፤ ስሟም ከዕድለኞቹ መካከል ተገኘ። እልልታው ግድግዳውን አልፎ መጣ፤ ግድግዳው እንደማያስቸግር ነግሬያችኋለሁ። ባለቤቴም ተቀብላ እልል አለች፤ እልልታዋን ስትጨርስ ግን የእኛን ዕጣ የበላሁት እኔ እስክመስል ድረስ ትክ ብላ አየችኝ።

በማግሥቱ ግርማ ኡራኤል ወስዶ ማኪያቶ ጋበዘኝና ከላይ የነገርኳችሁን ሁሉ ዘረገፈልኝ። የአስታራቂነት ዝናዬ እዚያው ማኪያቶው ላይ ሲረግፍ ታየኝ።

«ታዲያ አሁን ምን ቸገረህ?» አልኩት።

«ትናንት እናቷ ጋ ደውላ ‹ቤቴ ወጣልኝ› አለች። ቤቴ! በሕግ እኮ እኔ ለእሷ ማንም አይደለሁም ጋሼ። ቁልፉን ተቀብላ ደኅና ሁን ብትለኝ ምን እላለሁ? በእናታችሁ፣ ሽማግሌ ሆናችሁ ጠይቁልኝ።»

«ታርቃችኋል እኮ።»

«እንድታስታርቁኝ አይደለም። እንድትድሩኝ ነው።»

እናም ነገሩን ለጋሽ መኮንንና ለሐጂ ነስሩ አስረዳሁ፤ እሑድ ከሰዓት እነዚያው ሦስት ሽማግሌዎች ያንኑ በር አንኳኳን። ሙሽራው ከራሱ ቤት ወጥቶ ቧንቧው አጠገብ እንዲጠብቅ ተደረገ። አስካለ የማስተማሪያ መነጽሯን እንዳደረገች ከፈተችልን። በደንቡ መሠረት መልስ እስክናገኝ አንቀመጥም ብለን ቆምን። ጋሽ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠርገው «ልጃችንን ለልጃችሁ...» ብለው ጀመሩና፣ ማንን ለማን እንደሆነ ጠፋቸው።

አስካለ ግን ገብቷታል። «ልጁ ማነው?» አለች።

«ግርማ ነው» አልኩ፤ አነጋገር አዋቂው እኔ ነኛ።

«ጠባዩስ?»

«ጨው አይወድም» አሉ ሐጂ ነስሩ።

ከንፈሯን ነከስ አድርጋ ሳቋን ዋጠች። ቀጥላም በአገሩ ሁሉ የሴት ወገን የሚጠይቀውን ጥያቄ ጠየቀች፦ «ቤት አለው?»

ሦስታችንም ተያየን። የለውም ብንል ውሸት ነው፤ አለው ብንል እንዴት ሊሆን ነው?

«የለውም በሏት!» አለ የግርማ ድምፅ ከውጭ።

«ላንቻስ?» አለች አስካለ ወደ በሩ ሳትዞር።

ከውጭ ቧንቧው ብቻ ይንጠባጠባል።

«አባቶቼ» አለች መነጽሯን አውልቃ፣ «ውል ሳልፈርም ቤት ያለው ባል ባገባ ዕጣው ከእጄ ይወጣል። ደግሞም ያን ቀን ለእናንተ የተናገርኩት ለማስመሰል አልነበረም። የሚያስመስለው እሱ ነበር፤ እኔ አጋጣሚውን አግኝቼ የልቤን ነው የተናገርኩት። ጓዳዋን ለእህቱ ይልቀቅ። ከዚያ ይምጣ። አለዚያ እሱም ከአባቱ ቤት፣ እኔም ከቤቴ።»

ግርማ ገብቶ በሩ ላይ ቆመ። ዓይኖቹ ቀልተዋል። ብዙ ሊናገር የመጣ ይመስል ነበር፤ የወጣው ግን ይህ ብቻ ነው፦ «አልጋውስ? የአባቴ አልጋ የት ይደርሳል?»

አስካለ መነጽሯን መልሳ አደረገች።

«አልጋውን አምጣው» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «በትንሿ መኝታ ቤት፣ በመስኮቱ በኩል፣ ቦታ ትቼለታለሁ።»

ሐጂ ነስሩ ማንም ሳይጋብዛቸው ተቀመጡ። እኛም ተከተልን።

ግርማ ውል አዋዋይ ፊት ቀርቦ ጓዳዋን ለእህቱ በስጦታ አዛወረ፤ አስካለ የቤቱን ውል ፈረመች፤ ከዚያም ማዘጋጃ ቤት ሄደው ተጋቡና ኡራኤል ወርደው አንድ ስፕሪስ በሁለት ስትሮ ጠጡ። የዋንዛው አልጋ አራተኛ ፎቅ ሲደርስ በደረጃው አላልፍ አለ። ቢፈታ ዳግመኛ የሚገጠም አይደለምና በገመድ ታስሮ በበረንዳው ገባ። ግርማ ከታች ቆሞ፣ አባቱ ራሳቸው የተንጠለጠሉ ይመስል፣ «ቀስ! ቀስ!» እያለ ሲጮኽ ነበር።

ከዚያ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ፣ ባለቤቴ ገና ባልወጣልን ቤት ስለሚሰቀለው አምፖል እያጫወተችኝ ሳለ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከተጋባን ጀምሮ የሰበሰብኳቸው መጻሕፍት የአንዲቷን ክፍላችንን እኩሌታ ይዘዋል፤ እሷም ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም።

«ለመሆኑ» አልኳት ድምፄን አለስልሼ፣ «በዚያ ጠበብ ባደረግሽው ሳሎን ውስጥ የመጽሐፍ መደርደሪያዬ በየት በኩል ነው?»

ወደ እኔ ዞር አለች። «የቱ መደርደሪያ?» አለችኝ።

የእኛ ዕጣ እስከ ዛሬ አልወጣም። እንዲወጣልን መጸለዬን አልተውኩም፤ በሙሉ ልቤ ነው የምጸልየው ብዬ ግን አልዋሻችሁም።